ከ12ኛ ክፍል በኋላ ወዴት? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤቶች የሚዘገይ ምክክር

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሚሆንበት ምሽት በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ወደ አንዱ ቤት ብትገቡ የምታዩት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ኔትወርኩ ተጨናንቋል፤ ታላቅ ወንድም ስልኩን ይዞ ከቤት ወደ ግቢ ይመላለሳል፤ እናት ሶላቷን ጨርሳ ከመስገጃው ሳትነሣ ዱዓ ታደርጋለች፤ አባት ነገሩን ችላ ያለ ይምሰል እንጂ ጆሮውን አቁሟል። ገጹ ሲከፈት ሁሉም የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ከ600 ውስጥ 300 መሙላቱን። ሞልቶ ከተገኘ እልልታ፣ ካልሞላ ዝምታ ይሆናል። ከእልልታውም ከዝምታውም በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ቀጥሎስ?

ይህ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ምሽት የሚነሣበት ቤት ዘግይቷል ብለን እናምናለን። በዚህ እትማችን ስለ ጉዳዩ ለመጻፍ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው። ትኩረታችን ቀድሞ የመናገሻ አውራጃ ይባል በነበረው፣ አዲስ አበባን ከዳር በያዙት በሦስቱ ከተሞች ላይ ነው። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከዋና ከተማው የሚለያቸው አንድ የታክሲ ጉዞ ነው፤ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ። ይህ ቅርበት ለወጣቱ በረከትም ፈተናም ሆኖበታል። መርካቶ ቅርብ ነው፤ ፋብሪካው ከደጅ ነው፤ የአበባ እርሻው ከመንገዱ ማዶ ነው። ለ18 ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ ኪሱ የሚገባው ገንዘብ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚገኝ ወረቀት ይልቅ ዓይን ይስባል። አባትም ሱቅ ካለው፣ ልጁ ከመደርደሪያው ኋላ ቢቆምለት ይወዳል። በዚህ ላይ "ተምሮ ማን የት ደረሰ?" የምትለዋ አባባል በየሰፈሩ አለች። እኛ ይህችን አባባል ስንሰማ፣ ተናጋሪው ሲታመም ወደ ማን እንደሚሄድ መጠየቅ ያምረናል።

ቁጥሩ የሚነግረን

እስቲ አስቀድመን ቁጥሩን እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ቁጥሩ ወደ 27,267 ዝቅ አለ፤ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ያለፉት 36,409 ሆኑ (5.4 በመቶ)፤ በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ (8.4 በመቶ)። መሻሻሉ ያስደስታል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁን እንጂ በተሻለው ዓመት እንኳ ያለፈው ከ12 ተማሪ አንድ ያህል ነው።

ይህ ማለት ልጆቻችን በአንድ ዓመት ውስጥ በድንገት ሰነፉ ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት ፈተናው ይሰረቅ እንደነበር የምናውቀው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ጥያቄዎቹ አስቀድመው ወጥተው ፈተናው እስከ መቋረጥ ደርሷል። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። በኋላም ከ2016 አንሥቶ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር መፈተን ጀመሩ። መጋረጃው ሲገለጥ የታየው ለብዙ ዓመታት ሲከማች የኖረ ድካም ነው። ድካሙም የተማሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱም፣ የመምህሩም፣ የወላጁም ነው።

በሦስቱ ከተሞቻችን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ቋንቋ። በኦሮሚያ ክልል ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፋን ኦሮሞ ሲማር ይቆይና 9ኛ ሲገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ሕፃኑን ይጠቅመዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ችግሩ ድልድዩ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ጥያቄ ያስቸገረው ልጅ ብዙ ጊዜ ያስቸገረው ፊዚክሱ ሳይሆን ጥያቄው የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ፣ በታክሲና በገበያ አማርኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛ፣ ከዐስር በኋላ በመድረሳ ዐረብኛ ያገኘዋል። አራት ቋንቋ! ሸክም ይመስላል፤ ነገር ግን ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) ገና ወጣት ሳለ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በጥቂት ሳምንታት እንደ ተማረ በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። ልጆቻችን ያንን ያህል ፈጣን ባይሆኑም፣ 9ኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ባለው አንድ ክረምት በእንግሊዝኛ ቢጠናከሩ ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ወላጅ የሚነቃው 12ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የማጠናከሪያው ክፍያም ይወደዳል፣ ጊዜውም ያጥራል።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት መንገዶች

አልፎ የተገኘ ተማሪ የሚፈልገውን ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውን የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እዚህ ላይ አንድ የታዘብነውን እንንገራችሁ። ብዙ ተማሪ ምርጫ የሚሞላው ስሙን የሰማውን ብቻ ነው። ከደጁ የሚነሣው አስፋልት የት እንደሚያደርስ ግን ልብ አይልም።

የሰበታው መንገድ የጅማ መንገድ ነው። በዚያ ላይ ወሊሶ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ አልፎ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ መጨረሻው ጅማ ዩኒቨርሲቲ። የቡራዩ መንገድ በሆለታ በኩል አምቦ ያደርሳል፤ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1930ዎቹ መጨረሻ በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ አንጋፋ ተቋም ነው። ከዚያ አልፎ ነቀምቴ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ። የሱሉልታው መንገድ ወደ ፍቼ፣ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ይወስዳል፤ ዓባይን ሲሻገር ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ባሕር ዳር። እንግዲህ እያንዳንዱ ከተማ በገዛ መንገዱ ላይ ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለሁሉም ቅርብ ነው። ነገር ግን እርሱ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗልና የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በአዳማና በአዲስ አበባ የሚገኙት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ የየራሳቸው መግቢያ አላቸው። ስለዚህ "300 አምጥቻለሁ፤ ጨርሻለሁ" ብሎ የተኛ ተማሪ የሁለተኛው ፈተና ምዝገባ ሊያመልጠው ይችላል።

የወጪውም ነገር ግልጽ ይሁን። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ ነጻ ነው ይባላል እንጂ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ወጪ መጋራት አለ፤ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቀነሰ ይከፍላል። በቀን ለአንድ ተማሪ ምግብ ተይዞ የነበረው 22 ብር በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ካፌ ላለመመገብ የመረጠ "ነን ካፌ" ተብሎ ገንዘቡን ይቀበላል። የእርዱ ነገር የሚያሳስባቸው ተማሪዎቻችን ይህን ይጠይቁናል። በዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ ከማንም የተሻለ መልስ አለው፤ አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ መፈለግ ያለበትም እነርሱን ነው።

ሴት ልጃችን ሩቅ ሲደርሳት

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ወንዱ ሩቅ ሲደርሰው ቤቱ ሻንጣ ይገዛል። ሴቷ ሩቅ ሲደርሳት ቤቱ ይሰበሰባል። አጎት ይጠራል፤ አክስት ትመጣለች፤ አንዱ ስለ መንገዱ፣ ሌላው ስለ ዶርሙ፣ ሦስተኛው "ጠያቂ ስለመጣላት" ያወራል። ልጅቱ ቡና እያቀረበች ሁሉንም ትሰማለች። አስተያየቷን የሚጠይቃት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሰው ነው፤ እርሱም ከጠየቃት ነው።

ፍርሃቱን አናናንቅም። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የያዙ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ተማሪዎቹ ታግተዋል። ያ መንገድ በሱሉልታ በኩል የሚያልፈው መንገድ ነው። ከዚያ በፊትም በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ወላጆች ያለፉበት ሥቃይ ከአእምሯችን አልጠፋም። ይህን የሚያስታውስ አባት "ልጄን አልልክም" ቢል ኋላ ቀር ነው ብለን አንዘልፈውም።

የሂጃቡም ጉዳይ አለ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአክሱም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ ለብሰው እንዳይገቡ በመከልከላቸው 159 ያህል ልጃገረዶች ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመዘገቡበት ጊዜ አልፎባቸው እንደነበር፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሶ በመቐለ ሰልፍ እስከ መውጣት እንዳደረሰ አንባቢያን ታስታውሳላችሁ። እነዚያ ልጃገረዶች ከትምህርቱም ከሂጃቡም አንዱን እንዲመርጡ ተጠይቀው ሁለቱንም ነው የመረጡት። በየቤታችን "ለሂጃቧ ስንል ትቅር" የምንል ወላጆች እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው።

በሸሪዓ በኩል ሴት ያለ ማሕረም ስለምታደርገው ጉዞ ብዙኃኑ የቀደሙት ዑለማ ማሕረም እንደሚያስፈልግ ሲገልጹ፣ ከዘመናችን ዑለማ ደግሞ መንገዱ ሰላም ከሆነና ከታመኑ ሰዎች ጋር ከሆነች የፈቀዱ አሉ። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ወላጅ የሚተማመንበትን ዓሊም ይጠይቅ። እኛ የምንለው ጥያቄው ቀድሞ ይጠየቅ ነው። ልጅቱ ምርጫ ከመሙላቷ በፊት አባቷ "እስከ ወልቂጤ እሺ፣ ከዚያ በላይ አልችልም" ቢላት በዚያው ልክ ትሞላለች። ሰበታ ሆና ወሊሶና ወልቂጤን፣ ቡራዩ ሆና አምቦን፣ ሱሉልታ ሆና ሰላሌን ከላይ ማድረግ ትችላለች። ቅርቡን ማስቀደም ምደባውን ዋስትና አያደርገውም፤ ዕድሉን ግን ያሰፋል። አባት ዝም ብሎ ቆይቶ ምደባው ከመጣ በኋላ "አይሆንም" ሲል ግን ልጅቱ የምታጣው ዩኒቨርሲቲውን ብቻ አይደለም፤ በአባቷ ላይ የነበራትንም እምነት ነው።

መፍትሔ የሚገኝባቸው ቤቶችም አሉ። በመጀመሪያው ጉዞ አባት ወይም ወንድም አብሮ ሄዶ ዶርሙንም፣ የሚሰገድበትንም ቦታ አይቶ ይመለሳል። ከአንድ ሰፈር የተመደቡ እህቶች ተነጋግረው በአንድ መኪና ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም አይነጣጠሉም። ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የሄደች የሰፈር ልጅ ካለች እርሷ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እናቶች ሄደው ይጠይቋት።

ስለ ጠያቂውም አንድ ቃል። ጋብቻ ሱና ነው፤ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሕጉ ከሚፈቅደው ከ18 ዓመት በላይ የሆነች፣ ራሷም የወደደች ልጅ አግብታ መማር ትችላለች። ስለ ትምህርቷ ግን ከኒካሑ በፊት በግልጽ ይነገር። በጋብቻ ውል ውስጥ የሚገባ ቅድመ ሁኔታ በፊቅህ የታወቀ ነገር ነው፤ በተለይ በሐንበሊ መዝሀብ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። "በኋላ ታስተምራት የለ?" የሚል የአፍ ተስፋ ግን ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ከግቢው ሲወጡ አብሮ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ለመሆኑ እኛ ሙስሊሞች ልጅን ለትምህርት ሩቅ መላክ ለምን እንግዳ ሆነብን? አባቶቻችን ደረሳ ሆነው ከጅማና ከአርሲ ሳይቀር ወሎ ድረስ፣ ወደ ዳናና ወደ ጀማ ንጉሥ በእግራቸው ተጉዘዋል። ደብዳቤ እንኳ በቅጡ በማይደርስበት ዘመን ልጁን ለዓመታት የላከ አባት ነበር። የመንደሩም ሰው ደረሳውን ከእንጀራው ከፍሎ ያበላው ነበር። ያ ለቂርአት ነው፤ ይሄ ለዓለማዊ ትምህርት ነው የሚል ይኖራል። በበድር ከተማረኩት ቁረይሾች መክፈል ያልቻሉት ነጻ የወጡት የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው እንደሆነ የሲራ መጻሕፍት ዘግበዋል። አስተማሪዎቹ ያን ጊዜ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ የተማረው ፊደልም ጠቃሚ ከመሆን አላገደውም።

ከ12ቱ አሥራ አንዱስ?

በየመስጂዳችን ላለፉ ተማሪዎች ሽልማት ሲሰጥ እናያለን። መልካም ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በዚያው ጁሙዓ በኋለኛው ሰፍ ተቀምጦ አንገቱን የደፋውን ልጅ ማን አየው? እርሱ የብዙኃኑ ወገን ነው። የዚህ ልጅ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚወስነው በንዴት ነው። "በቃህ፤ ሱቅ ግባ" ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ "በቃሽ" የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ ዐረብ አገር የሚል።

ከንዴቱ በፊት ያሉትን በሮች እንቁጠር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያውን ለጥቂት ላጡ ተማሪዎች ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል። ተማሪው ለጥቂት ወራት በዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደገና ይማራል፤ በመጨረሻ ፈተናውን ካለፈ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናል። ሬሜዲያል የሚያስገባው ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰን ስለሆነ ያለፈውን ዓመት ይዞ ተስፋ መቁረጥም፣ መዘናጋትም አይገባም። አንዳንድ ቤት "ሬሜዲያል የወደቀ የሚገባበት ነው" እየተባለ ልጁ ያፍርበታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለተኛ ዕድል የተሰጠው ልጅ በዚያ ዕድል ማፈር የለበትም።

በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥም አለ። ይህን የሚመርጥ ልጅ ግን ዓመቱን እንዴት እንደሚያሳልፈው ከቤተሰቡ ጋር ይስማማ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ አቁመነው፣ ማታ ደክሞት ሲያንቀላፋ "እንዳጠና ጠብቄ ነበር" ብንል ያጠፋነው እኛ ነን። ግማሽ ቀን ለሱቁ፣ ግማሽ ቀን ለመጽሐፉ ብሎ መቁረጥና ቃልን መጠበቅ ይቻላል።

ሦስተኛው በር ቴክኒክና ሙያ ነው። እዚህ ላይ ልባችንን እንክፈት፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ ከሐኪምና ከኢንጂነር ውጭ ሙያ የሌለ ይመስላል። ልጅ ሲወለድ "ዶክተር ይሁንልህ" እንላለን፤ "ጥሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁንልህ" ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። ግን የሰበታን መንገድ ተመልከቱ። ከዓለም ገና ጀምሮ ፋብሪካ ከፋብሪካ ተያይዟል። ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻና መድረሻም ሰበታ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ማሽን ሲበላሽ የሚጠግን፣ ሞተር የሚጠቀልል፣ ቧንቧ የሚበይድ ሰው ይፈለጋል። በቀን ሙያተኛነት ጆንያ የሚሸከመው የሰፈራችን ልጅና በዚያው ግቢ ማሽኑን የሚያስተካክለው ልጅ የሚለያዩት በሁለትና በሦስት ዓመት ሥልጠና ነው። በመምህርነት ሙያ ለሚያስብም ሰበታ ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህራን ኮሌጅ አለ። ከተማዋ ማየት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤቷ ከድሮ ጀምሮ የታወቀች ናት። በዚያ ትምህርት ቤት አልፈው ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ብዙዎች ናቸው። ዓይን እያለን መንገድ ጠፋን የምንል ሰዎች ይህን ስናስታውስ ትንሽ ያሳፍረናል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ውጤት በወጣ ሰሞን በየግንቡ የግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከግል ተቋማት መካከል በርትተው የሚያስተምሩ አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን አናይም። ነገር ግን አንድ ቁጥር ማወቅ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ግን 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዓመታቱን ሁሉ ከፍሎ ዲግሪ አያገኝም። እናት እቁቧን ሰብስባ የከፈለችው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ኮሌጁ በዚያ ካምፓስ ለዚያ የትምህርት ክፍል ፈቃድ አለው ወይ? ፈቃድ የሚሰጠው ለስሙ ብቻ አይደለም፤ ለየካምፓሱና ለየትምህርት ዓይነቱ ነው። ይህን የሚያረጋግጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛ፣ ባለፈው የመውጫ ፈተና ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቁ የመዝጋቢዋን ፊት ተመልከቱ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይነበባል። ደግሞም የዲግሪ መግቢያ ነጥብ ለግልም ለመንግሥትም የሚሠራ መሆኑን አትርሱ። "ነጥብ ባይኖርም እናስገባሃለን" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ውጭ አገር የሚያስቡም አሉ። ለብዙ ዓመታት የእኛ ተማሪዎች ቅርብ በር ሱዳን ነበረች፤ በኻርቱም የሚገኘው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። በሚያዝያ 2015 በዚያች አገር የተነሣው ጦርነት ይህን በር አናጋው፤ አላህ ለሕዝቧ ሰላሙን ያውርድላቸው። የካይሮው አል-አዝሀር፣ በእ.ኤ.አ. 1961 የተመሠረተው የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲና የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል አሁንም አሉ። የቱርኩ ማመልከቻ በአብዛኛው በጥርና በየካቲት የሚቀርብ ሲሆን ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን ይጠይቃል። እንግዲህ ውጤት አይተው በመስከረም "የውጭ ዕድል የለም?" የሚሉ ልጆች ለቀጣዩ ጥር ነው የሚዘጋጁት። ፓስፖርትና የትርጉም ሥራ ጊዜ ይበላሉ። ለሸሪዓ ትምህርት የሚሄድ ወጣትም ሲመለስ በምን እንደሚተዳደር ከመሄዱ በፊት ያስብ፤ ይህን የምንለው ዒልሙን ለማሳነስ ሳይሆን ተመልሰው የተቸገሩትን ስላየን ነው።

ምክክሩ ይጀመር

11ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከዒሻ በኋላ አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ተቀመጡ። ልጁ ወይም ልጅቱ መጀመሪያ ይናገሩ፤ አባት መጨረሻ ይናገር። አባት መጀመሪያ ከተናገረ ሌላው ዝም ይላል፤ ይህን ሁላችንም ከቤታችን እናውቀዋለን። ካለፍክ የት? ለጥቂት ቢያመልጥህስ? ጨርሶ ባይሳካስ? ሦስቱም ጥያቄዎች ከፈተናው በፊት መልስ ያግኙ። ቤቱ ምን ያህል ብር መድቦ ማዋል እንደሚችል አባት በግልጽ ይንገር። ያለውን አቅም ከልጅ መደበቅ ክብር የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ልጅ ግን አቅማችንን ካላወቀ የሚያቅደው በሰማይ ላይ ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም አንድ የምንለምናችሁ ነገር አለ። በሦስቱ ከተሞች አንድ ክፍል ተከራይተው አምስትና ስድስት ሆነው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። በዚያ ቤት ሕፃን እያለቀሰ፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ አንድ አምፖል ሥር የሚያጠና የ12ኛ ክፍል ልጅ አለ። በብዙ መስጂዶቻችን ደግሞ ከዐስር እስከ መግሪብ ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩበት፣ ከዚያ በኋላ ተቆልፎ የሚያድር የመድረሳ ክፍል አለ። ወንበር አለው፤ ሰሌዳ አለው፤ መብራት አለው። ከዒሻ በኋላ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ቢቆይ፣ ለእህቶችም የተለየ ቀን ወይም የተለየ ክፍል ቢመደብ፣ ከሰፈሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ በእረፍቱ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስረዳ ወጪው የመብራት ብቻ ነው። የቀረው ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ነው። ይህንንም የፊታችን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ኮሚቴው አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ሊወስነው ይችላል።